ጀፎረና ማኅተም



በዚህ አዳራሽ ከወልቂጤም ከቡታጅራም፣ ከየገጠር ቀበሌውም የመጣ ሰው ተቀምጧል። የእድር ዳኛ አለ፤ የልማት ማኅበር ገንዘብ ያዥ አለች፤ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን የሚያሳድግ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አለ፤ በቅርቡ ፈቃድ አውጥታ ማኅተም ያስቀረጸች ወጣትም አለች። የተጠየቅሁት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እንዴት በደንብ እንደሚመራ እንድናገር ነው። ከሥልጠና መጽሐፍ መጀመር እችል ነበር። እኔ ግን ከየቤታችን ደጃፍ መነሣት መረጥሁ።

ጀፎረን አስቡት። ከአጥር እስከ አጥር ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ መንደሩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ የሚሄድ ያ መንገድ። ሙሽራ የሚያልፈው በእሱ ነው፤ አስከሬን የሚሸኘው በእሱ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ጥጃ ይውልበታል፤ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይፈርድበታል። የጉራጌ መሬት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ልጆቻችን ገና ጢም ሳያበቅሉ አዲስ አበባ የሚገቡት ለዚሁ ነው። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ይህን የሚያህል ሜዳ ሳይታረስ፣ ሳይታጠር፣ ሳይሸጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት ተላለፈ? ዘበኛ አልተቀጠረለትም። በማንም ስም ካርታ አልወጣለትም። ያለው ሕግ ነው፤ ሰባት ቤት ጉራጌው ቂጫ ይለዋል፣ ክስታኔ ጉራጌው ሴራ ይለዋል። ሴራ የሚለው ቃል በአማርኛ ክፉ ትርጉም ቢይዝም በእኛ ዘንድ የአብሮ መኖር ሥርዓት ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ከሳሹም "መሬቴን ወሰደብኝ" የሚል ባለቤት አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ባለጸጋው አጥሩን ሲገፋም፣ ድሃው ሲገፋም፣ ሽማግሌው ራሱ ሲገፋም ያው ሕግ ነው።

ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ጀፎረ ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህን አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ከሱቅ ጋር እናነጻጽረው። መርካቶ ያለ ሱቅ ባለቤት አለው። አንድ ኪሎ ስኳር ቢጎድል ባለቤቱ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ገዢው ደግሞ ሚዛኑ ከጎደለበት ነገ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ሁለቱም፣ አንዱ በገንዘቡ ሌላው በእግሩ፣ ሱቁን ይቆጣጠሩታል። በእኛ ድርጅት ግን የሚከፍለውና የሚቀበለው ሰው ለየብቻ ናቸው። ገንዘብ የሰጠው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ነው፤ ዕቃው ምን እንደሆነ አያየውም። የምትቀበለው ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ የሚገባት ዱቄት አምስት ኪሎ ይሁን አሥር ኪሎ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የተሰጣትን ይዛ መርቃ ትሄዳለች። የሰጪው ዓይንና የተቀባይዋ አፍ በማይገናኙበት በዚያ መሐል አጥር ይገፋል። ብዙ ጊዜ የሚገፋውም ክፉ ሰው አይደለም። ለዛሬ ብቻ፣ ለአንድ ክንድ ብቻ፣ ለችግር ብቻ ነው የሚገፋው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የማኅበሩንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ከብዙ ዓመታት በፊት የአንድ ቀበሌ ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ ተሰባስበን ለቀበሌያችን ጤና ኬላ ማሠሪያ ማዋጣት ጀመርን። ሊቀ መንበራችን ነጋዴ ነበሩ፤ ቃላቸው ከፊርማ በላይ የሚከበር ሰው። የማኅበሩ ገንዘብ በእሳቸው ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ተቀመጠ። ከእሳቸው ወዲያ ማን ይታመናል ተባለ፤ እውነትም ነበር። እኔ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ሦስት ዓመት በተከታታይ "ሒሳቡን መርምረን ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል" በሚል ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ። አልመረመርሁትም። ደብተሩን ያምጡ ብሎ መጠየቅ እሳቸውን መጠርጠር መሰለኝ። ነውር መሰለኝ።

አንድ ጠዋት በድንገት አረፉ። ባንኩ ሒሳቡን እንደ ማንኛውም የሟች ሒሳብ ዘጋው። ወራሾቹ ልጆቻቸው ናቸው፤ የትኛው የአባታቸው፣ የትኛው የማኅበሩ እንደሆነ አያውቁም። እኛም በወረቀት ማሳየት አልቻልንም። ቆርቆሮ ከኪሳቸው የገዙበት ጊዜ ነበር፤ ከማኅበሩ ገንዘብ ለሱቃቸው ዕቃ ተበድረው የመለሱበት ጊዜም ሳይኖር አልቀረም። ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ፈጀ። አንድ ሳንቲም አልሰረቁም ብዬ እስከ ዛሬ የማምንላቸው ሰው ስማቸው በየለቅሶ ቤቱ በሐሜት ተነሣ። ባለቤታቸው አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙኝና፣ "ልጄ፣ እናንተ እኮ በየዓመቱ ትክክል ነው ብላችሁ ፈርማችሁ ነበር" አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። መልስ አልነበረኝም። ጤና ኬላው ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሳይለብስ ቀረ።

ቁጥጥር የሚያስፈልገው ሌባ ስላለ ነው የሚል ሰው ሳገኝ እኒያ ሴት ትዝ ይሉኛል። ሌባማ ደረሰኝ መቅደድ ያውቅበታል። ደረሰኝ የሚያስፈልገው ታማኙ ሰው ነው። እሱ ሲሞት፣ ሲታመም፣ ሲታማ የሚመሰክርለት ሌላ ምን አለው? ስለዚህ የሊቀ መንበራችሁን ስም የምትወዱ ከሆነ ገንዘቡን ከስሙ አውጡለት። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ይከፈት፤ ቼክ በጣምራ ፊርማ ይውጣ፤ ወጪ የሚያዝዘው፣ ገንዘብ የሚከፍለውና በመዝገብ የሚጽፈው ሦስት የተለያየ ሰው ይሁን። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ የተበላሸው ቅጠልም ሳይጣል ከጥራዙ ጋር ይቀመጥ። ይህ ከፈረንጅ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። እድር ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ለየብቻ ያስቀመጠው እኮ ይህን ስላወቀ ነው። ንብረት ያዡ ከለቅሶ መልስ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብርጭቆውን ቆጥሮ ይረከባል፤ ስድስት ብርጭቆ ከጎደለ ስድስት ብርጭቆ ይጠየቃል። የእድርን ታሪክ ያጠኑ ብዙ ሰዎች ጅማሬውን ከአዲስ አበባ የጉራጌ ስደተኞች ጋር ያያይዙታል። ብርጭቆ የቆጠሩ ሰዎች ልጆች ነን። በእድር የምናውቀው ነገር ድርጅት ከፍተን ማኅተም ስናስቀርጽ ከየት እንደሚጠፋብን አይገባኝም።

ማኅተም ካነሣሁ ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። እድርና እቁብ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ አይገዙም። በፌዴራል ደረጃ ድርጅት ሆኖ የተመዘገበው ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ሥር ነው። የቀደመው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ብዙ ድርጅቶችን አስጨንቆ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ የመብት ሥራ ልሥራ ያለ ድርጅት ከውጭ ሊቀበል የሚችለውን ገንዘብ በ10 በመቶ ገድቦት ነበር። አዲሱ ያን አንሥቷል፤ የአስተዳደር ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ አዟል። ይህቺ 20 በመቶ ጥሩ ናት፤ ግን አትታለሉባት። ለቢሮ ኪራይና ለጽሕፈት መሣሪያ 12 በመቶ ብቻ አውጥቶ የቀረውን 88 በመቶ በማይረባ ሥራ ላይ የሚያፈስ ድርጅት በሕግ ፊት ንጹሕ ነው። ሕጉ የጀፎረውን ዳር ይለካል እንጂ በጀፎረው ላይ ማን እንደሄደ አይነግረንም። እሱን ማየት የቦርዱ ሥራ ነው።

ወደ ቦርዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ድርጅት ሲታመም ብዙ ጊዜ በሽታው እዚህ ነው።

የማያቸው ሁለት ሕመሞች ናቸው። አንደኛው ሊቀ መንበሩ በየጠዋቱ ቢሮ የሚገባበት ነው። ሾፌሩን ያዝዛል፤ ጸሐፊዋን ደብዳቤ ያስጽፋል፤ ፕሮፎርማ ራሱ ይሰበስባል። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ አለ፤ ሥልጣኑ ግን ጠዋት ጠዋት በር ከፍቶ በሚገባው ሰው እጅ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሥራው ካልተሠራ ማን ይጠየቅ? ሥራ አስኪያጁ "ሊቀ መንበሩ አዘዘኝ" ይላል፤ ሊቀ መንበሩ "ሥራ አስኪያጅ ቀጥረናል" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው ሕመም የዚህ ተቃራኒ ነው። ቦርዱ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ሪፖርት በፕሮጀክተር ይታያል፤ "በርቱ" ይባላል፤ ምሳ ይበላል፤ የውሎ አበል ይፈረማል። ቃለ ጉባኤው ላይ "ቦርዱ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል" ይጻፋል። በስፋት የተወያየው ስለ ምሳው ሰዓት እንደሆነ ጸሐፊው ያውቃል።

ጤነኛው መካከለኛ መንገድ ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ በእኔ ግምት ቦርድ ጥቂት ነገሮችን ብቻ በእጁ ይይዛል፤ እነሱን ግን አጥብቆ ይይዛል። ድርጅቱ ለማን እንደቆመ እሱ ይወስናል። ሥራ አስኪያጁን እሱ ይቀጥራል፣ በየዓመቱ ይመዝነዋል፣ ካስፈለገም ያሰናብተዋል። በጀቱን ከዓመቱ መጀመሪያ በፊት ያጸድቃል። የውጭ ኦዲተሩን የሚመርጠው እሱ ነው እንጂ ሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ ኦዲተሩም ግኝቱን የሚያቀርበው ለቦርዱ ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሥራ አስኪያጁ በሌለበት። ከዚህ ውጪ ያለውን፣ የትኛው ሾፌር ወዴት ይሂድ፣ የትኛው ሲሚንቶ ከየት ይገዛ፣ ለቀጠረው ሰው ይተውለታል። ቀኑን ሥራ አስኪያጁ ያያል፤ ዓመቱን ቦርዱ ያያል።

ስለ ፕሮፎርማ ካነሣሁ አይቀር፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ የሚለውን ደንብ ሁላችንም እናከብራለን። ግን ስንት ጊዜ ነው ሦስቱም ወረቀት ከአንድ ሱቅ የወጣው? ባለ ሱቁ ራሱ "የሌሎቹን እኔ አመጣልሃለሁ" ይላል፤ ግዥ ሠራተኛው ይገላገላል፤ ፋይሉ ሙሉ ነው። ኦዲተሩ ወረቀቱን አይቶ ያልፋል። ይህን የሚይዘው ወረቀት አይደለም፤ ከተማውን የሚያውቅ ሰው ነው። ወልቂጤ ገበያ ላይ የቆርቆሮ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የቦርድ አባል አንድ ስልክ ቢደውል ይበቃው ነበር። የአካባቢ ሰው በቦርድ ላይ የሚቀመጥበት አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፤ አለበለዚያ ለምን ከአዲስ አበባ ባለሙያ ብቻ አንሰበስብም?

የአካባቢ ሰው ግን ዘመድ አለው። እህቱ ልጅ አላት፤ የአጎቱ ልጅ ብሎኬት ያመርታል። በእኛ አገር ዘመድ የሌለው ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ ዝምድናን ነውር ማድረግ አይቻልም። ነውሩ መደበቁ ነው። የእህቱ ልጅ ለሥራ ከተወዳደረ የቦርዱ አባል በሰው ፊት "ይሄ የእህቴ ልጅ ነው" ይበል፤ ውሳኔው እስኪያልቅ ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ይህቺ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያልተጻፈችበት ድርጅት ስንት ወዳጅ እንዳጣላ ታውቃላችሁ።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ፤ ወንበር በቤት በቤት ማከፋፈል። ማኅበር ስናቋቁም ከሰባት ቤቱ ቸሃ አንድ፣ እዣ አንድ፣ ሙህር አንድ፣ እነሞር አንድ፣ ጉመር አንድ እያልን ወንበር እንሰጣለን። አልነቅፈውም። አንዱ ቤት ከተተወ ገንዘቡም ልቡም ይቀራል፤ የሰባት ቤቱ የጆካ ሸንጎም ሁሉንም ቤት አንድ ላይ አስቀምጦ ነው የኖረው። ግን የቤቱ ተወካይ ቦርድ ውስጥ ከገባ በኋላ የቤቱ ጠበቃ ሆኖ ከቀረ፣ በየስብሰባው "የእኛ ወረዳ ምን ደረሰው" ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ጀፎረው በየቤቱ ተሸንሽኖ አለቀ ማለት ነው። ቤቱ ይምረጠው፤ ከተመረጠ በኋላ ግን የሁሉም ነው። ይህ በመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ሲመረጥም በአደባባይ ሊነበብለት ይገባል።

ቤቶች ሁሉ ወንበር ሲያገኙ ደግሞ ሴቶች ስንት ወንበር እንዳላቸው ቁጠሩ። ይህ የዛሬ ጥያቄ አይደለም። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጋብቻ ሕጉ ላይ የሴቶችን አቤቱታ ይዛ የጆካ ሸንጎ ፊት የቀረበች የሰባት ቤት ሴት ናት። ሸንጎው የወንዶች ነበር፤ እሷ ግን ሕጉ የሚነካው እኔን ነው ብላ ቆመች። ድርጅታችሁ የሚረዳቸው አብዛኞቹ እናቶች ከሆኑ፣ የሚወስኑት ሁሉ አባቶች ከሆኑ፣ ሥራው የሚነካቸው ሰዎች ከውሳኔው ውጪ ቆመዋል። አንዲት ተጠቃሚ በቦርድ ላይ ብትቀመጥ አምስት ኪሎ ነው ወይስ አሥር የሚለውን በመጀመሪያው ስብሰባ ትጠይቃለች።

እስካሁን ስለ አጥር መጠበቅ ብዙ ተናገርሁ። አሁን በመንገዱ ላይ ስለሚሄደው ሰው ልናገር።

ወላጆቻችን የሠሩት ትልቁ የማኅበር ሥራ ራሱ መንገድ ነበር። በ1950ዎቹ በጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ሊቀ መንበርነት የዓለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር ተነሣ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም ወደ ሆሳዕናና ሶዶ ስንወርድ የምንሄድበት መሥመር የዚያ ማኅበር ሕልም ነበር። በዚያው ጊዜ የሰባት ቤቱም የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን በ1954 ዓ.ም. አቋቋመ፤ በኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት የሆነው እሱ ነው። ነጋዴው፣ ደመወዝተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ አገር ቤት ያለው ገበሬ አዋጣ። ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉ ምሁር በ1972 በፈረንጆች አቆጣጠር ለንደን ላይ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በተለይ በዓለምገናው ማኅበር ላይ ነበር፤ ከተማ የገባው ጉራጌ ከአገር ቤቱ ጋር ሳይቆራረጥ የኖረበትን መንገድ በማኅበሩ በኩል ነው የመረመሩት።

ስለዚያ ዘመን ስናወራ የሕዝቡን ፍቅርና መስዋዕትነት እናነሣለን፤ ይገባል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ዓላማው በዓይን ይታይ ነበር። መስቀል ሊያከብር አገሩ የገባ ሰው መኪናው ባለፈው ዓመት የቆመበትን ቦታ ያውቀዋል፤ ዘንድሮ አልፎት ከሄደ ብሩ ሠርቷል፤ እዚያው ከቆመ የሚጠየቅ ሰው አለ። ሪፖርት ማንበብ አያስፈልገውም፤ ጫማው ሪፖርት ነበር። ዛሬ የድርጅቶቻችን ዓላማ እንዲህ ቀላል አይደለም። "የሴቶችን አቅም መገንባት"፣ "የወጣቶችን ሰብእና ማነጽ" ብለን እንጽፋለን። ደግ ነገር ነው፤ ግን ማን በጫማው ይለካዋል? ስለዚህ ስንት ሥልጠና ሰጠን፣ ስንት ሰው ፈረመ፣ ስንት ደብተር አደልን ወደሚለው እንሸሻለን። የተቆጠረው የእኛ ድካም ነው እንጂ የእነሱ ኑሮ አይደለም።

የእነሱን ኑሮ መቁጠር እንደሚቻል ለማየት ከወልቂጤ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። አጣጥ ሆስፒታል አለ። የካቶሊክ ደናግል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት ነው። ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ ነፍሰ ጡር ምጥ ከያዛት በኋላ በቃሬዛ ብትነሣ እንደማትደርስ አዩና የእናቶች ማቆያ ቤት ሠሩ፤ ወሊዷ አስጊ ነው የተባለች እናት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እዚያው ግቢ ውስጥ ትቆያለች። ቤቶቹ እንደ አገር ቤት ጎጆ ቀላል ነበሩ። ትልቁ ነገር መዝገቡ ነው። ከ1987 እስከ 2008 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለ22 ዓመት፣ እያንዳንዷ ወላድ ተመዘገበች፤ 24,148 ወሊድ። ከእነዚህ 6,805ቱ በማቆያው በኩል የመጡ ነበሩ። መዝገቡ ሲጠና፣ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ፣ በማቆያው ካለፉት የሞቱት እናቶች 90 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ሆነው ተገኙ። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከባሰ በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም። ቢሆንም ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ጥያቄውን ማንሣት እንኳ አይቻልም ነበር። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የተለመደ ነገር ሆኗል። ቡታጅራም ላይ ግራርቤት ተሐድሶ ማኅበር የዓይን ሆስፒታል ይዞ ከትራኮማ ጋር ይታገላል፤ እዚያ ልኬቱ ከዚህም ይቀላል፤ ሰውየው ያያል ወይስ አያይም?

እኔ ለእናንተ የ22 ዓመት ጥናት አላዝዝም። አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። የምታሳድጓቸው ልጆች ከሆኑ፦ ዘንድሮ ስንቱ ክፍል አለፈ፣ ስንቱ ትምህርት አቋረጠ፣ ያቋረጠው ለምን? በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፤ ጥያቄውን አትቀያይሩ። መልሱ መጥፎ በሆነበት ዓመትም ጻፉት።

ስለ ገንዘብ ምንጭ ደግሞ እንሰትን ተመልከቱ። ጓሮው ውስጥ የዘንድሮ ችግኝ አለ፤ የሁለት ዓመት፣ የአራት ዓመት አለ፤ ለመፋቅ የደረሰ አለ። አንዱ ሲነቀል ሌላው ይተከላል። ጉርጓድ ውስጥ ደግሞ ቆጮ ተቀብሯል። ዝናብ ቢቀር ቤቱ በዚያው ሳምንት አይራብም። የእኛ ድርጅቶች ግን አብዛኞቹ በአንድ ለጋሽ፣ በአንድ ፕሮጀክት፣ በአንድ ዓመት ብር ይኖራሉ። ፕሮጀክቱ ሰኔ 30 ሲያልቅ ሐምሌ 1 ቀን ሠራተኛው ይበተናል፤ ሕፃናቱ ግን አይበተኑም፤ እዚያው ናቸው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ኪድስ ካምፓኒ የሚባል የሕፃናት ድርጅት ነበር፤ ካሚላ ባትማንጌሊጅ የተባለች ሩኅሩኅ ሴት በ1996 በፈረንጆች አቆጣጠር መሠረተችው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ከመንግሥት ተቀብሏል። ልጅ ችግር ላይ ነው ከተባለ እምቢ አይልም ነበር፤ ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ በዓመቱ ያወጣል፤ ይህ ነው የሚባል መጠባበቂያ አልነበረውም። በነሐሴ ወር 2015 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ 3 ሚሊዮን ፓውንድ በተሰጠው በቀናት ውስጥ ተዘጋ። የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ የቦርዱን አባላት ቸልተኝነት አጥብቆ ነቀፈ። ከዓመታት በኋላ በ2021 በፈረንጆች አቆጣጠር ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ግን አባላቱን ለኃላፊነት ብቁ አይደሉም አላለም፤ በቅንነት የሠሩ ሰዎች ናቸው አለ። ሁለቱም አብሮ እውነት ሊሆን ይችላል። ቅኖች ነበሩ፤ ጉርጓዱ ግን ባዶ ነበር። ነገሩ ከእኛ ጤና ኬላ ጋር ይመሳሰልብኛል።

የእኛ ሰው መጠባበቂያ ሲባል "ድሃ እየተራበ ገንዘብ ታስቀምጣላችሁ?" ይላል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀውን ሰው ወደ ጓሮው ይዛችሁት ሂዱ። ቢያንስ የሦስት ወር ደመወዝና ኪራይ የሚሸፍን ብር ለብቻው ይቀመጥ፤ ያለ ቦርድ ውሳኔ አይነካ። የአባላት መዋጮ ትንሽ ናት ብላችሁም አትናቋት። ለጋሹ የሚሰጠው ብር ብዙ ነው፤ ግን ታስሮ ነው የሚመጣው። የአባል 50 ብር ነፃ ናት፤ ለጉርጓዱ የምትሆነው እሷ ናት።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ጠቅላላ ጉባኤ። እኛ ጠቅላላ ጉባኤ የምናደርገው መቼ ነው? ሁሉም አገሩ ሲገባ፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ሰው ሙሉ ነው፣ ልብ ክፍት ነው፣ ኪስም ክፍት ነው። ግን ያንኑ ጊዜ ምን እንደምናደርገው እናውቃለን። ክትፎው ቀርቧል፤ ቡናው ተፈልቷል፤ ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ በጥድፊያ ሦስት ቁጥር ያነባል፤ አጨብጭበን ወደ ገቢ ማሰባሰቢያው እንገባለን። "እኔ አሥር ሺህ!" "እኔ ሃያ!" ይባላል። የቃሉ ድምፅ የሒሳቡን ድምፅ ይውጠዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ባለቤቱ፣ ማለትም ሕዝቡ፣ ጀፎረው ላይ ይቆማል፤ እኛ ግን ዓይኑን ወደ ሌላ እናዞርበታለን። በዚህ ላይ ያለፈው ዓመት ቃል የተገባው ስንት ነበር፣ የገባው ስንት ነው የሚለው አይነበብም፤ ያልከፈለው ሰው ትልቅ ሰው ስለሆነ። ቃል የገባ ከፈለ አልከፈለ ተብሎ በስሙ መነበብ የለበትም ካላችሁ እስማማለሁ፤ ድምሩ ግን መነበብ አለበት።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ሒሳቡ ከምግቡ በፊት ይነበብ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ያነበበ ለማያነብ ያንብብለት። የቁጥጥር ኮሚቴው ደብተሩን እንዳየ ሳይሆን በደብተሩ ውስጥ ምን እንዳየ ይናገር። ጥያቄ የጠየቀ ሰው እንደ ከሳሽ አይታይ። እኔ ያን ጊዜ ያልጠየቅሁት እንደ ከሳሽ እንዳልታይ ነበር፤ ሊቀ መንበራችን ራሳቸው በሕይወት ሳሉ "ደብተሩን ያምጡ" የሚላቸው ቢያገኙ ኖሮ ከሁላችን በላይ ደስ የሚላቸው እሳቸው ነበሩ።

መተዳደሪያ ደንባችሁን ይዛችሁ መጥታችኋል ብዬ አምናለሁ። ያልያዘ ከጎኑ ካለው ጋር ይካፈል። የቦርድ አባላት የሥራ ዘመን የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ስንት ዓመት ይላል? ዛሬ ሊቀ መንበር የሆነው ሰው ከተመረጠ ስንት ዓመት ሆነው? ሁለቱን ቁጥሮች በደንቡ ዳር በእርሳስ ጻፉና፣ ከቡታጅራ በመጡት ወንድሞች እንጀምር።